ስም የወጣላት ቅርፊት

ትርሲት የመመረቂያ ጽሑፏን ካስረከበች በኋላ ስህተት አገኘችበት። «መምህር፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለምን እናገራለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ አልኳት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ድንጋይ መመርመር። በአባይ ሸለቆ፣ ጥንት ባሕር በነበረበት ገደል፣ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ አንዲት ቅርፊት አገኘ። ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። በዳይኖሰሮች ዘመን በሁለት የቅርፊት ክዳን መካከል ትኖር የነበረች የውሃ ፍጥረት ቅሪት ናት። በጀርባዋ ያለው የጉድጓድ ረድፍ በየትኛውም መጽሐፍ አልነበረም። አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ጻፈ፤ አንድ የሳይንስ መጽሔትም ተቀበለው። በቀድሞ አስተማሪው ስም ሰየማት። አስተማሪው አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲሰሙ አለቀሱ። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ ያንኑ ያወሩ ጀመር።

ጽሑፉ ሊታተም ሳምንት ሲቀረው ሰውየው ለሥዕሉ ማሟያ ብሎ ከዚያው ድንጋይ ጥቂት ፈርፍሮ አጠበ። በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሌሎች ቅርፊቶች አገኘ፤ አንዷ ከሌላዋ ከፍ ከፍ ያሉ። የትንሿ ረድፍ በቀጣይዋ ደብዝዟል፤ በትልቋ ጭራሽ የለም። ትልቋ ደግሞ ድሮ የታወቀች፣ ስም ያላት ናት። ፍጥረቷ ስታድግ፣ እባብ ቆዳውን እንደሚጥል፣ ቅርፊቷን ጥላ ሌላ ታወጣለች። አዲስ ያላት ለካ ያችው የታወቀችው ናት፣ ገና ሳትጎለምስ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣ። የጠራውን የማይክሮስኮፕ መስታወት ደግሞ ይወለውላል፤ ይነሣል፤ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ቅርፊቶቹን በጣቱ ቢደፈጥጣቸው ማን ያውቃል? አንዴ ጣቱን አስጠግቶም ነበር።

በሦስተኛው ቀን በብልቃጥ ይዟቸው ወደ አስተማሪው ሄደ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። አዲስ አይደለችም፤ የምናውቃት ናት፣ በልጅነቷ።»

ሽማግሌው ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ሌላ ሰው አይቷል?»

«ማንም።»

«አምጣ እስኪ።» በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ልክ ነህ» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ሂድና ለመጽሔቱ ሰዎች ጻፍላቸው። ስሜንም ሰርዘው።»

ጻፈ፤ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። ሽማግሌው በወሩ ዐረፉ፤ በስማቸው የተጠራ አንድም ነገር የለም። ሰውየው ግን ያቺ ፍጥረት ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና እንዴት እንደምትለወጥ ዘርዝሮ ጻፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት ልጅን ከእናት የሚለዩት በዚያ ነው።

አንቺም ትርሲት፣ እንደዚያ ሰው ነሽ። ማንም አላየም ትያለሽ፤ አንቺ ግን አይተሻል፣ እንዳላየ ሰው መሆን ከእንግዲህ አይሆንልሽም። ብትናገሪ ምንም አታጪም አልልሽም፤ ታጪያለሽ። ዝም ካልሽ ግን የሚከተሉሽ ሁሉ ባዶ ቦታ ላይ ይረግጣሉ። ሂጂና ጽሑፉን ላስረከብሻቸው ንገሪያቸው።