ቤት የዋለችው፣ ቢሮ የገባውና መንገድ የወጣው

በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ለሆስፒታሎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። የተከራዩት ሕንፃ ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ፣ ሌላ ቢሮ እስኪያገኙ ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ እንዲሠራ አደረጉ። ሥራው ይበተናል ብለው ሲሰጉ ጭራሽ ፈጠነ። ደንበኞች ግን የሚያነጋግራቸው ሰው ማጣታቸውን ይናገሩ ጀመር። አዲሱ ቢሮ ሲገኝ ወይዘሮ አስካለ ቁርጡን መናገር ከበዳቸውና ሁሉንም እንደየፍላጎቱ ተዉት።

ከሠራተኞቹ አንዷ ፀዳለ ደብረ ብርሃን ወላጆቿ ቤት ገብታ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን አባቷን እያስታመመች መሥራቱን መረጠች። በፍጥነት እሷን የሚደርስባት አልነበረም።

ደምሰው ቤት መዋል አልሆነለትም። በየማለዳው ቢሮ ገብቶ ስልክ ያነሳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ አዲስ ሠራተኛ ያለማምዳል። የራሱ ሥራ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ነጂብ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ደንበኞቹ ዘንድ እየዞረ ችግራቸውን እዚያው ይፈታል።

አንድ ቀን ለጉዳይዋ ከተማ የመጣች የአንድ ወረዳ ሆስፒታል ፋርማሲስት ሰላም ልትል ቢሮው ጎራ አለች። ልትወጣ ስትል ደምሰው ፊቷ ላይ አንድ ነገር አነበበና ትንሽ እንድትቀመጥ ለመናት። ቀስ በቀስ ሲያወጣጣት፣ ድርጅቱ ለሆስፒታላቸው የሠራው ፕሮግራም አንዳንዴ ለሕፃናት የሚሰጠውን መድኃኒት በአዋቂ መጠን እንደሚያዝዝ ነገረችው። ጥፋቱ የራሷ መስሏት ዝም ብላ ስታርመው ኖራለች። ዛሬ ግን እሷ እዚህ ናት፤ በቦታዋ ያለው አዲስ ሰው ነው። ደምሰው ወዲያው ሆስፒታሉ ደውሎ ፕሮግራሙን አስቆመ።

ፕሮግራሙን የጻፈችው ፀዳለ ነበረች። ብቻዋን ስትሠራ ሥራዋን አብሮ የሚያይላት ሰው አልነበረም። ስህተቱን ቶሎ ማግኘት የምትችለውም እሷው ናት፤ ነገር ግን በዚያን ቀን ደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ነጂብ ከሌላ ደንበኛ ጋር የያዘውን ቀጠሮ ትቶ፣ አስፈላጊውን ሁሉ በፍላሽ ይዞላት ሄደ። ፀዳለ በሯን ዘግታ ስትፈልግ ዋለችና አገኘችው። ነጂብ የታረመውን ተቀብሎ በማግስቱ ሆስፒታሉ ድረስ ወሰደና ጫነው። ፕሮግራሙ በመቆሙ ደጅ ድረስ የተሰለፈው በሽተኛ መድኃኒቱን እየተቀበለ ተበተነ። የተተወው ደንበኛ ግን ተቀይሞ ሌላ ድርጅት ፈለገ።

ወይዘሮ አስካለ በዚያው ሰሞን ምክትል ለመሾም አሰቡ። የሚሾመው ሰው ሠራተኛው ከየት ሆኖ እንደሚሠራም ይወስናል። ሦስቱንም አነጋገሯቸው።

«እዚህ ባልቀመጥ ያቺን ሴት ማን ይሰማት ነበር?» አለ ደምሰው።

ፀዳለ በስልክ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በቢሮው ወሬ መሀል ብሆን በአንድ ቀን አላገኘውም ነበር» አለች።

ነጂብ ተራው ሲደርስ፣ «እኔ ባልነሳ እሱም ቢሮው፣ እሷም ቤቷ እንደተቀመጡ ይቀሩ ነበር» አላቸው።

ወይዘሮ አስካለ አንዱን ሲሰሙ እውነቱ የእሱ ይመስላቸዋል፤ ቀጣዩን ሲሰሙ ደግሞ ሐሳባቸው ይገለበጣል። ወንበሩ አንድ ነው። እናንተስ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?