ከወንዝ ማዶ የተሰቀለው መዝገብ

ልጄ ትርሲት አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ሥራዬን ዝም ብዬ ብተወው ማንን እጎዳለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሥራው በነጻ የምትሠራው ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ላይብረሪ የሚሉትን አንድ የፕሮግራም ክፍል በጋራ ይጽፋሉ፤ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች ወስደው ይገለገሉበታል። ጸሐፊዎቹ አዲስ ፋይል በጨመሩ ቁጥር ስሙን ዊንዶውስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በሚያነበው የፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ የምታስገባው እሷ ናት። ካላስገባችው በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው ላይብረሪው አይነሳለትም። ጸሐፊዎቹ ዊንዶውስ ስለማይነኩ ጉድለቱን አያዩትም። ከሐምሌ ወዲህ ዝርዝሩን አልነካችውም፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። በዚያ ሰሞን አንድ የማታውቀው ሰው ሦስት ቀን ሞክሬ አቃተኝ ብሎ ጽፎላታል።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የገባኝን ያህል ይዤ ይህን ነገርኳት።

ከወንዝ ማዶ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። እድሩ ያለው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ክረምት ውሃው ሲሞላ ግን ማንም አይሻገርም። ስለዚህ የማዶዎቹ ስም ለብቻው ተገልብጦ ለዚህ ሰው ተሰጠው። ማዶ ሰው ሲሞት እዚያው ያሉት መቃብር ቆፋሪዎች የሚወጡት የእሱን መዝገብ አይተው ነው። አዲስ አባል በገባ ቁጥር ተሻግሮ ስሙን መገልበጥ የእሱ ሥራ ሆነ።

ዓመታት ገለበጠ። እግዜር ይስጥልኝ ያለው የለም። ሰለቸውና ተወው። መዝገቡን ግን አልመለሰም፤ እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን ይዛ ማዶ ገባች። በበጋ ተሻግራ እድሩ ዘንድ ተመዘገበች። ነሐሴ ላይ ልጇ ሞተ። ቆፋሪዎቹ መዝገቡን ቢገልጡ ስሟ የለም። የሌላ እድር ናት፣ የራሷ ሰዎች ይመጣሉ ብለው ተቀመጡ። እሷም ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን፣ በዝናብ፣ ልጇን አዝላ አካፋ ይዛ በሰውየው ደጅ አለፈች። ብቻዋን ቀበረችው።

ወንዙ ሲጎድል የእድሩ ዳኛ ሰውየውን አስጠራው። የማንንም ስም አልሰረዝኩም አለ።

ዳኛው፣ «ደከመኝ ብለህ መዝገቡን ብትመልስልን ሌላ ሰው እናቆም ነበር» አለው። «ተሰቅሎ እያየነው ግን ማን ይጠርጥር?»



«ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ» አልኳት። «መድከምሽን እግዚአብሔር አይቆጥርብሽም። መዝገቡን ግን ተሰቅሎ ተውሽው። ያ የጻፈልሽ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ነው የለፋው።»

«እኔ ጋ እኮ የሞተ ሰው የለም፣ እማዬ።»

«በዚያ ላይብረሪ ማን ምን እንደሚሠራበት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው ወይ ጻፊው፣ ወይ ትቼዋለሁ ብለሽ መልሺው።»

በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። የሰፈራችንን የሴቶች እድር መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ከፋሲካ ወዲህ የገቡትን ሁለት ተከራዮች አልጻፍኳቸውም ነበር። ነጠላዬን ሳላወልቅ መዝገቡን ከሣጥን አወጣሁና ሄጄ የመጀመሪያዋን በር አንኳኳሁ።