ያለልክ የጠበቀው ብሎን

አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ስሙ ዘለቀ። ሰፈርተኛው «እሱ ነክቶት የማይሠራ ነገር የለም» ይልለት ነበር።

አንድ ቀን አስካለ የምትባል ልብስ ሰፊ ሕፃን ልጇን አዝላ ወደ ሱቁ መጣች። አስካለ ከወሊድ በኋላ በያዛት ሕመም ጆሮዋ መስማት አቁሟል። የሰው ንግግር የሚገባት ከንፈር እያየች ነው።

«ጋሽ ዘለቀ፣» አለችው፣ «ትናንት ጓዳ አስተኝቼው ስሰፋ ከአልጋ ወድቆ ኖሯል። ድምፁ እስኪዘጋ ሲያለቅስ እኔ እዚያው ቤት ሆኜ አላወቅኩም። ሲያለቅስ የሚነግረኝ ነገር ይሠሩልኝ ይሆን?»

ዘለቀ የምትመለስበትን ቀን ቀጠረላት። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ድምፅ ሲሰማ ቀይ መብራት የሚያበራ መሣሪያ ሠራ። ጥቃቅኖቹን ዕቃዎች መዳፍ በምታክል ሰሌዳ ላይ በየዳቸውና አጨበጨበ። መብራቱ ቦግ አለ። ደስ ብሎት ሰሌዳውን ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገባና በአራት ብሎን አሰረው። እንደገና አጨበጨበ። ጭጭ።

ፈታው፤ በራ። አሰረው፤ ጠፋ።

ባትሪውን ቀየረ። ማይክራፎኑን ቀየረ። አምፖሉንም ቀየረ። እንደ ሕፃን «እዋ! እዋ!» እያለ ሲጮኽበት መንገደኛ ቆሞ ሳቀበት። ከሳጥኑ ውጪ ጤነኛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ድዳ! «ፕላስቲክ ምን ያደርገዋል?» እያለ ራሱን አከከ። ብሎኖቹ ላልተው ይሆናል ብሎ ደግሞ አጠበቃቸው። እምቢ ባለው ቁጥር ካቻቪቴውን እያነሳ ይበልጥ ያጠብቃል። በመጨረሻ የገዛ እጁን መጠራጠር ጀመረ።

በቀጠሮው ቀን አስካለ ልጇን አዝላ መጣች።

«ግራ ገብቶኛል፣» አላት ፊት ለፊቷ ቆሞ። «ሁሉም ዕቃ ደህና ነው፤ ግን አይሠራም። ምን እንደጎደለው አላውቅም።»

አስካለ ክዳኑ የተከፈተውን ሳጥን ተቀብላ ሰሌዳውን በጣቷ ዳበሰችው። «ጎብጧል፣» አለች ቀና ብላ።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ፣ መሐሉ። እኔም ቁልፍ አጥብቄ ስተክል ጨርቁ ይሸበሸብብኛል። ትንሽ ቢያላሉትስ?»

ማላላት ለዘለቀ ነገሩን ማባስ መሰለው። ሆኖም ሌላ የሚሞክረው አልቀረውም። ብሎኖቹን አንድ አንድ ዙር መለሳቸው። ወዲያው ሕፃኑ አለቀሰ፤ ቀዩም መብራት በእናቱ ፊት ላይ በራ።

ኋላ ዘለቀ በአጉሊ መነጽር ሲያየው፣ አንዱ ብየዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ብሎኑ ሲጠብቅ ሰሌዳው ይጎብጥና ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሲላላ ደግሞ ይገጥማል። ብየዳውን አድሶ፣ ከየብሎኑ ሥር ቁራጭ ጎማ አድርጎ ሰጣት።

ወዳጆቼ፣ የምንሳሳለትን እንዳይናጋብን ብለን አጥብቀን እናስረዋለን። ዝም ሲለን ደግሞ ያላላነው ይመስለንና እንጨምርበታለን። ልጁን በቁጣ፣ ትዳሩን በጥርጣሬ እንዲህ ያጎበጠ ስንቱ ነው! ነገር ግራ ሲገባን «ምን ጎደለ?» ብቻ ሳይሆን «ምን አበዛሁ?» ብሎ መጠየቅም ብልኅነት ነው። በእናንተስ ቤት ዝም ያለ ሰው አለ? ዝም ያለው ስለላላ ነው ወይስ ስለጠበቀበት?