ቦቃና የጭዱ ጥጃ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ ላምም ገመድም እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ቦቃ የምትባል ላም ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ቦቃ ያሏት። ጥጃዋ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ሞተባት። እመቤቷ ወይዘሮ ትርንጎ እንደ አገሩ ልማድ የጥጃውን ቆዳ አድርቀው ጭድ ሞሉበት፤ እናቱ እየላሰችው ወተቷን እንድትሰጥ ጨው ነሰነሱበት።

በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ትርንጎ የቦቃን የኋላ እግሮች አስረው፣ የማለቢያ ቅላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ገመዱ ጠበቅ አለና፣
«ስጪ» አላት።
«ለምን?»
«ላም ወተት መስጠት አለባት።»
«እሱንማ ሰማሁ። ለምን ነው ያልኩህ።»
«አለባታ።»
ቦቃ ወተቷን ያዘች። ቅሉ ባዶውን ገባ።

በሁለተኛው ቀን የጭዱን ጥጃ አቆሙላት። ቦቃ አሸተተችው። የልጇ ሽታ ነው። ላሰችው፣ ዓይኗን ጨፍና ላሰችው።
«ጥባ እንጂ ልጄ» አለችው።
«አልጠባም እማዬ። ሆዴ ጭድ ነው።»
«ታዲያ ለምን አመጡህ?»
«እሱን መስዬ እንዳታልልሽ።»
ቦቃ ልጇ ይፈነጭበት ወደነበረው መስክ ዞራ እምቧ አለች። ከዚያ ማዶ የሚመልስላት አልነበረም። ቅሉ ዛሬም ባዶውን ገባ።
«ምነው ቦቃዬ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። ወተቱ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ግን አልነገሯትም።

በሦስተኛው ቀን የጭዱ ጥጃ እንዲህ አላት፦
«እማዬ፣ ከማታልልሽ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ የምውለው ቤት ውስጥ ተሰቅዬ ነው። እዚያ ማንጠግቦሽ የምትባል ሕፃን አለች። ጎረቤታችን ወልዳት ሞተች፤ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው ያነሷት። የሚያጠባት የለም። ትናንት ጣቷን ስትጠባ ዋለች። ዛሬ ማልቀሱንም ትታዋለች።»
ቦቃ አንገቷን ወደ ቤቱ አዞረች።
«ለቅቤ መስሎኝ ነበር» አለች።
«እኔስ ስጪ ብዬሽ አልነበር?» አለ ገመዱ።
«ብለሃል፤ አልተሳሳትክም። ግን ለምን እንደሆነ አንተም አታውቀውም ነበር። በል አሁን ልቀቀኝ።»
«ከለቀቅኩሽ ማን ያስገድድሻል?»
«ማንም። ግን አንዴ ከሰማሁ በኋላ እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ?»
ገመዱ አፈረና ላላ። ወተቱ ቅሉን ሞልቶ አረፋው ፈሰሰ። ወይዘሮ ትርንጎ «ተመስገን» ብለው ወደ ቤት ሮጡ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን ታቅፈው ወደ በረት ይወጡ ጀመር። ቦቃ የማንጠግቦሽን አፍ ታሸታለች፤ የራሷ ወተት ይሸታታል። ከዚያ ዞር ትልና የጭዱን ጥጃ ትልሳለች። ጨዉ ካለቀ ቆይቷል፤ እሷ ግን ትልሰዋለች።

ልጆቼ፣ ሰው «አለብህ» ሲላችሁ፣ ከቃሉ በስተጀርባ የተራበ እንዳለ እዩ። እናንተም ስታዝዙ የተራበውን ሳታሳዩ ገመድ አታጥብቁ። እኔ እንደሰማሁት ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለታናናሾቻችሁ ንገሩልኝ።