አንድ ስንዝር ሻጋታ

አንድ ገበየሁ የሚባል ከብት አርቢ በሰፊ ሜዳ ላይ ይኖር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩን አጭዶ ያደርቅና እንደ ሰሌን እየጠቀለለ በገመድ ያስረዋል። እያንዳንዱ ጥቅል የሰው ደረት ይደርሳል። በዚያ ዓመት ግን ጥቅሎቹን ሳይሸፍናቸው ሜዳው ላይ ተዋቸውና ያልታሰበ ዝናብ ወረደባቸው።

ታላቅ እህቱ ሽታዬ ወደ እሱ የመጣችው ከዝናቡ በኋላ ነው። የእሷን ድርቆሽ ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶባታል። ያሏት ሁለት ላሞች ብቻ ናቸው፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በእነሱ ወተት ነው።

«ገብዬ፣ ድርቆሽህ ለእኔም ላሞች ይተርፍ ይሆን?» አለችው።

ገበየሁ እጁን አንዱ ጥቅል ውስጥ ሰደደ። «ይኸው እይ፣ የሻገተው አንድ ስንዝር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ወርቅ ነው! የእኔም የአንቺም ከብቶች በጋውን ሙሉ በልተው ያተርፋሉ። ነገውኑ አምጫቸው።»

ሽታዬ መረቀችው፤ ላሞቿንም አመጣች።

ገበየሁ ሻጋታውን ከመጀመሪያው ጥቅል ላይ እየላጠ ሲጥል እሷ ቆማ ታይ ነበር። የሚጣለው ክምር ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። የቀረው ጥቅል ደግሞ አነሰባት። «የተበላሸው አንድ ስንዝር ከሆነ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ስትል አሰበች። ዝም ብትል ላሞቿ ዛሬም ነገም ይበላሉ። ጥያቄው ግን አላስቀምጥ አላት። ወደ ሌላው ጥቅል ሄዳ ገመዱን ፈታችና ወደ ፊት እየገፋች ትዘረጋው ጀመር።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ?» አለ ገበየሁ እየሳቀ። «እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የጠቀለልኩት አንቺ እንድትተረትሪው ነው? ወይስ የድርቆሽ ዳኛ አድርገው ሾሙሽ?»

«ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር ማየት ፈልጌ ነው። ይልቅ መጥተህ ግፋ!»

አብረው ገፉት። ጥቁር፣ የሚሸት ድርቆሽ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ራቅ ብሎ የቆመውን ግራር አለፈ፤ አሁንም ጥቁር ነው። አረንጓዴው ብቅ ያለው ጥቅሉ እጅግ ካነሰ በኋላ ነበር። ዘርግተው ሲጨርሱ ሽታዬ ዳር እስከ ዳር ሄዳ አየችው። ጥቁሩ ከአረንጓዴው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

የገበየሁ ሳቅ ጠፋ። «እንዴት ይሆናል? በእጄ ለክቼው የለ?»

ሽታዬ መቀነቷን ፈታችና እጥፍ እጥፍ አድርጋ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «የመጀመሪያው ዙር የዞረው ጣቴን ብቻ ነው። የመጨረሻውን ግን እየው፣ ምን ያህል መቀነት ፈጀ? ውጭኛው ዙር ስስ ይምሰል እንጂ ረጅሙ እሱ ነው።»

ገበየሁ ቀሪዎቹን ጥቅሎች አየ። ግማሻቸው እንደሌለ ገባው። ቢሆንም «ቃሌን አላጥፍም። ላሞችሽ እዚሁ ይቆያሉ» አለ።

«ቃልህን ላም አይበላውም፣ ወንድሜ። ዝም ብንል በጋው ሲጋመስ የአንተም የእኔም ከብቶች ያልቃሉ።»

በዚያው ሳምንት፣ ከብቶቹ ገና ሥጋቸው ሳይረግፍ፣ እሱ ከወይፈኖቹ አብዛኞቹን ሸጠ። እሷም አንዷን ላም ሸጠች። ስትሸጣት አንገቷን አቅፋ አልቅሳለች። ሜዳው በፀሐይ ተቃጥሎ ሣር በጠፋ ጊዜ ግን የቀሩት ከብቶች የሚበሉት አላጡም። ክረምቱንም በእግራቸው ቆመው ተቀበሉት፤ የሽታዬም ልጆች ወተት አልተቋረጠባቸውም።

ዙሪያችንን የያዘ ጉዳት ስስ ስለመሰለ ብቻ ትንሽ ነው አንበል፤ ግማሹን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። እውነቱ የሚያስከፍለን ቢሆን እንኳ፣ ማድረግ የምንችለው ነገር ሳያልቅ ብናውቀው ይሻላል። የሚያበላንን ሰው ስሌት መመርመር ያስፈራል፤ አንዳንዴ ግን እሱንም ራሳችንንም የምናድነው በዚያ ነው።

እናንተስ በሽታዬ ቦታ ብትሆኑ ጥቅሉን ትዘረጉት ነበር?