ሙሽራ ነከር

በጣና ዳር፣ ደንገል እንደ አጥር ከቦ ነፋሱን የሚመክትላት ገባ ያለች ጠባብ ዳርቻ አለች፤ ስሟ ሙሽራ ነከር ይባላል። ከዚያ መንደር ልጅ የሚያገባ ወንድ፣ የፈለገውን ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ሙሽሪትን በታንኳ ይዞ ከመሄዱ በፊት እዚያ ውኃ ውስጥ ይነከራል። እንግዳ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ጉሮሯቸውን ጠርገው የአንጓችን ነገር ያነሡለታል።

እንደሚነገረው አንጓች የታንኳ ሠሪው የውባለ ልጅ ነበረች። ለታንኳ መሥሪያ ደንገል ስታስርና ስትቀዝፍ በማደጓ የሐይቁን ጠባይ ከአባቷ እኩል ታውቅ ነበር። የታጨችለት ይግዛው ግን ከማዶ ደጋ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ለእርሻ የሚስተካከለው ባይኖርም ከጉልበቱ በላይ የሆነ ውኃ ገብቶ አያውቅም ይባላል።

ሰርጉ በጥር ወር ነበር። በአባቷ ቤት ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲጨፈር ጊዜው ሄደና ጠዋት ሊነሡ የነበሩት ሰዎች ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ተነሡ። አጃቢው በበቅሎ ሐይቁን ዞሮ ሲሄድ፣ ሙሽሮቹ ከሚዜው ከጎሹና ከቀዛፊው ከአጎቷ ከአለነ ጋር በታንኳ አቋርጠው እንዲቀድሙ ተባለ። አንጓች በተከናነበችው ኩታ ሥር አጮልቃ ስታይ፣ ከወዲያ ማዶ ውኃው ጠቁሯል፤ የደንገሉም አናት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ነፋስ እየመጣ መሆኑን ዐወቀች። ግን የዚያን ዘመን ሙሽራ አማቷ ቤት ገብታ እስክትገለጥ ድረስ አትናገርም፤ ብትናገር ዐይነ ደረቅ ትባላለች። ስለዚህ አጎቷን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

አለነ ገባው። «ነፋሱ አላማረኝም፤ አድረን ጠዋት ብንሄድስ?» አለ።

«ኧረ ምን ነካዎት!» አለ ጎሹ እየሳቀ። «ድግሱ ተሰናድቶ፣ ሰው በር በሩን እያየ፣ ሙሽራው ነፋስ ፈርቶ ቀረ ሊባል ነው?»

ይግዛውም ፈሪ እንዳይባል «እንሂድ» አለ። አንጓችም ኩታዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታንኳው ላይ ወጣች።

የመንገዱን እኩሌታ ሳይደርሱ ነፋሱ ደረሰባቸው። ማዕበሉ አንድ ሁለቴ አንሥቶ አወረዳቸው፤ በሦስተኛው ጎሹ ደንግጦ ብድግ ሲል ታንኳው ተገለበጠ። ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይነሣ ነበር። አንጓች ብቅ ስትል አጎቷና ጎሹ የተገለበጠውን ታንኳ ጨብጠዋል፤ ይግዛው ግን ሊያድናት ብሎ እነዚያን ጠንካራ ክንዶቹን ወገቧ ላይ ጠምጥሟል፤ እሱን ደግሞ የሰርግ ካባው ወደ ታች ይጎትተዋል።

ሙሽሪት አፏን የከፈተችው ያን ጊዜ ነው። ባሏን አንቱ ማለት ይገባት ነበር፤ ለአንቱ ግን ጊዜ አልነበረም።

«ልቀቀኝ!» አለችው።

«ብሞትም አልለቅሽም!»

«እንግዲያው ሁለታችንም መሞታችን ነው! እኔን ልቀቅና ታንኳውን ያዝ! ደንገል አይሰምጥም!»

ይግዛው ዐይን ዐይኗን አየና ለቀቃት። እሷም በአንድ እጇ ታንኳውን፣ በሌላው የእሱን አንገትጌ ይዛ አስጠጋችው፤ ካባውን ፈትታ ለውኃው ተወችለት። ጎሹ ዳርቻው ቅርብ መስሎት ሊዋኝ ሲነሣ «አንተም ንቅንቅ እንዳትል!» ብላ ጮኸችበት። ሁሉንም ደረታቸውን ታንኳው ላይ አስወጥታ፣ ጎን ለጎን አጠጋግታ፣ ብርዱ እንዳያደነዝዛቸው በየተራ ስማቸውን ትጠራ ጀመር። «ይግዛው!» ስትል «አለሁ!»፣ «ጎሹ!» ስትል «አለሁ!» እያሉ፣ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ገፍቶ ደንገል ወደከበባት ዳርቻ መለሳቸው።

መንደሩ ውኃ ውስጥ ድረስ ገብቶ ተቀበላቸው። እርጥቡን ልብስ አወለቁላቸው፤ ደረቅ ጋቢ ደራርበው እሳት ዳር አስቀመጧቸው። የሁሉም ነፍስ መለስ ሲል ውባለ አማቹን «ልጄ መቼም አልተናገረችም፤ ሙሽራ ናት» አለው፤ ዐይኑ እየሳቀ።

ይግዛው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ተናግራለች» አለ። «የመጀመሪያ ቃሏ ‹ልቀቀኝ› ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንጓች ግን ኩታዋን ገለጥ አድርጋ «ነፋሱን ሳንነሣ አይቼው ነበር። ዝም በማለቴ አራት ሰው ሊያልቅ ነበር። ከእንግዲህ ዝም አልልም» አለች። ማንም ዐይነ ደረቅ አላላትም።

በማግሥቱ ሐይቁ ረግቶ ነበር። አንጓች ግን ይግዛውን ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ አስገብታ፣ ታንኳ ላይ አውጥታ ገለበጠችው። እጁን ወደ እሷ ሲሰድ ደግማ ገለበጠችው። ሳያስብ ታንኳውን መያዝ እስኪለምድ ድረስ ሰባት ጊዜ ነከረችው ይባላል፤ የመንደሩ ሴቶችም እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ በኋላ በሰላም ተሻገሩ፤ ወልደው ከብደው ኖሩ።

ዛሬም ሙሽራው እዚያች ዳርቻ ሲነከር ልጃገረዶቹ «ማንን ትይዛለህ?» ይሉታል። «ሙሽራዬን!» ያለ እንደገና ይነከራል፤ «ታንኳውን!» ሲል ደረቅ ጋቢ ይለብሳል። ከዚያ ዘፈኑ ይቆምና ሙሽሪት ራሷ ኩታዋን ገልጣ ሐይቁን ታያለች። «ዛሬ አንሄድም» ካለች በቅሎዎቹ ይራገፋሉ፤ ድግሱም ይቀጥላል። ውኃው እንደ መስታወት ረግቶ ሳለ ነፋስ ያየች ሙሽራም አትጠፋም ይባላል፤ የአባቷ ቤት ጭፈራ ደርቶላት ይሆናል፤ ቢሆንም ማንም አይከራከራትም።