ድረስ የተባለው ቡችላና የኖራው ዱቄት

ኑ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ከኋላ ለቆሙትም ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ዛሬ የምነግራችሁ የውሻ ነገር ነው። ውሻ ስላልኩ ፊታችሁን አታዙሩብኝ፤ እሱንም የፈጠረው እኛን የፈጠረው አምላክ ነው።

አንድ ሰው ነበረ። ቢሾፍቱ ከተማ ዳር ሠላሳ ዓመት እንቁላል ጣይ ዶሮ እያረባ የኖረ ሰው ነው። ስሙን አጥናፉ እንበለው። ልጆቹን አሳድጎ ድሯል። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሱና ባለቤቱ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ከዚያ ደግሞ ዶሮዎቹ ናቸው።

ይህ ሰው ፈራ።

ምን አስፈራው? በዚያ ሰሞን ሌቦች በጠራራ ፀሐይ በአጥር ዘለው ይገቡ ጀመር። ከነአጥናፉ ሦስተኛው ቤት ገብተው፣ ብቻዋን የነበረችውን ሴት አስረው፣ ዕቃዋን ጭነው ሄዱ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች ተባለ። አጥናፉ ይህን ከሰማ ጀምሮ እጁ ዶሮ ቤት ነው፤ ጆሮው ግን ዋናው ቤት ነው። አልጋነሽ ዝም ስትል ይፈራል። ስትጣራም ይፈራል። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለማ! ተነሥቶ እስኪደርስላት ምን ትሆናለች?

ልጁ ሠናይት ይህን ሰምታ ከአዲስ አበባ ቡችላ ይዛለት መጣች። በጣም ትልቅ ከሚሆኑት የውጭ ዝርያዎች ነው፤ እናቱ ወገብ ትደርሳለች ተባለ። አጥናፉ ተቀብሎ ሲያየው ግን ገና የሁለት ወር ተኩል ሕፃን ነው። ጆሮው ወድቋል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ መዳፉ ብቻ የትልቅ ውሻ መዳፍ ያክላል። ስሙን ድረስ አለው።

ይህን ስም ልብ በሉልኝ። ሰው ጭንቅ ሲይዘው ድረሱልኝ ብሎ ይጮኻል አይደል? ይህ ሰው ጩኸቱን አንሥቶ ለሕፃን ስም አድርጎ ሰጠው። ቡችላው በተጠራ ቁጥር የሚጠራው በጌታው ፍርሃት ነበር።

ሠናይት ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብም በከረጢት አምጥታ ነበር። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣

«አባዬ፣ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳትጨምርለት። ምንም» አለችው።

እሺ አላት። ያን ጊዜ እውነቱን ነበር።

አጥናፉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡችላውን ከበሩ መቃን ጋር እያስጠጋ ቁመቱን በከሰል ምልክት ያደርግ ጀመር። ቡችላውም ያድጋል፤ በየሳምንቱ ምልክቱ ከፍ ይላል። ነገር ግን የፈራ ዐይን ምን ያያል? ያደገውን አላየም። የቀረውን ነው ያየው። ቡችላውን ያይና አጥሩን ያያል፤ አጥሩን ያይና ቡችላውን ያያል።

ጎረቤቱ ጋሽ ዘርጋው ደግሞ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። አንድ ቀን እንቁላል ሊወስድ መጥቶ፣ ድረስ የገዛ ጆሮውን ረግጦ ሲንከባለል አየና፣

«አጥኔ፣ ይሄ ውሻህ እስኪደርስ ሌቦቹ ጡረታ ይወጣሉ» አለው።

አልጋነሽ ሳቀች። አጥናፉ አልሳቀም። ቀልዱ ገብቶ ተሰካበት።

አሁን ስሙኝ። እንቁላል ጣይ ዶሮ የምታረቡ ታውቁታላችሁ። የእንቁላሉ ቅርፊት ሲሳሳ፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ወረቀት ሲሆን፣ ምን ይደረጋል? መኖው ላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመራል። ሳምንት ሳይቆይ ቅርፊቱ ይጠነክራል። አጥናፉ ይህን ሠላሳ ዓመት ሠርቶበታል። እጁ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ሲሳሳ ጨምር። እናም ልቡ ምን አለው? ቅርፊትን ያጠነከረ አጥንትን ምን ያቅተዋል?

ከዶሮዎቹ መኖ ቤት አንድ ጣሳ ዱቄት ቀድቶ አልጋነሽ በማታየው ቦታ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ማንኪያ ነበር። ቡችላው ላሰው። ጅራቱን እየቆላ ላሰው።

ግማሹ ማንኪያ አንድ ሆነ። አንዱ ሁለት ሆነ። አልጋነሽ አንድ ቀን ሳህኑ ላይ ነጭ ነገር አይታ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ከምግቡ የረገፈ ብናኝ ነው አላት። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን የትዳር ጓደኛውን ዋሸ። ለምን? ክፉ ሰው ስለሆነ ነው? አይደለም። ስለፈራ ነው።

ወር አለፈ። ድረስ ሲሮጥ የነበረው መራመድ ጀመረ። ሲራመድ የነበረው መቀመጥ አበዛ። የፊት እግሮቹ ከመዳፉ በላይ አብጠው እንደ ቋጠሮ ሆኑ። መዳፎቹ ወደ ውጭ ዞሩ፤ እግሮቹ እንደ ቅስት ጎበጡ። ሲነሣ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ጩኸት እንኳ አይባልም፤ ሰው በሕልሙ እንደሚያቃስተው ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አጥናፉ ማቆም አልነበረበትም? እናንተ ብትሆኑ አታቆሙም? እስቲ ቶሎ አትመልሱልኝ። እሱ የጎበጠውን እግር ሲያይ፣ ለካ አጥንቱ የሳሳ ኖሯል፣ ለካ አንሶታል አለ። ሦስተኛ ማንኪያ ጨመረ። ፍርሃት እንዲህ ነው ልጆቼ። ያበላሸውን ነገር ያሳያችሁና፣ አያችሁ፣ አንሷል ይላችኋል።

ጣሳውን ይከፍታል። ይጨምራል፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ቡችላው ሲነሣ ላለማየት ወደ ዶሮ ቤት ይሄዳል። ሌባ እንዳይገባ የሚፈራው ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ተደብቆ መሄድ ጀመረ።

አንድ ጠዋት የምግቡ ሳህን ተቀመጠ። ድረስ ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም። ሁለተኛ ሞከረ፤ አልቻለም። በሦስተኛው በደረቱ እየተሳበ መጣ። እየተሳበም ጅራቱን ይቆላል። አልጋነሽ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችው። በባጃጅ ይዘውት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄዱ። 

ሐኪሟ ዶክተር ሌንሳ የምትባል ወጣት ናት። ምን ምን እንደሚበላ ጠየቀች። አጥናፉ የከረጢቱን ምግብ ብቻ ነው አለ። ሌላ የተጨመረ ነገር የለም ወይ አለችው። የለም አለ። እሷም የፊት እግሩን ቀስ ብላ ጫን አደረገችው። ቡችላው ጮኸ። ጮኾም ፊቱን አዙሮ፣ ማንን እንደላሰ ታውቃላችሁ? የአጥናፉን እጅ ላሰ።

ያን ጊዜ ያ ሽማግሌ ሰው መዋሸት አቃተው።  ስለ ኖራው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ጣሳው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። የተናገረው ለሐኪሟ ነው፤ ዐይኑ ግን ሚስቱ ላይ ነበር።

ዶክተር ሌንሳ አልተቆጣችም። እንዲህ አለችው፦

«አባባ፣ ዶሮዋ እንቁላል ትጥላለች። በየቀኑ ከሰውነቷ አውጥታ ትሰጥዎታለች፤ እርስዎም ያወጣችውን ይመልሱላታል። ይሄ ሕፃን ግን የሚጥለው እንቁላል የለውም። የሚያስፈልገው ምግቡ ውስጥ ተለክቶ ገብቷል። ትልቅ ውሻ ቢሆን ከትርፉ ብዙውን ሳይቀበል ያሳልፈው ነበር። የቡችላ አንጀት ግን በቃኝ ማለት አያውቅም፤ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።»

ትርፉ ነው አጥንቱን ያጎበጠው አለችው። እንዲህ ያለ ትልቅ የሚሆን ዝርያ ደግሞ ቀስ ብሎ ማደግ እንዳለበት ነገረችው። የተመጣጠነ ምግብ የማያገኝ ቡችላ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ እሱም ቢሆን በሐኪም ልክ እንጂ በማንኪያ ግምት አይሆንም አለች።

አጥናፉ፣ «ታዲያ ምን መድኃኒት ልስጠው?» አላት።

«ማቆም ነው መድኃኒቱ። ምግቡን በልኩ፣ እንዳይወፍር፣ እንዳይዘል። በየሁለት ሳምንቱ ያምጡልኝ።»

«ይቃናል?»

«አላውቅም አባባ። የሚመለስ አለ፣ የማይመለስም አለ።»

ከፍርሃት ሁሉ የከበደው ይህ ሆነበት። እስከዚያ ቀን ሲፈራ የሚያደርገው ነገር ነበረው። ማንኪያው ነበረው። አሁን ግን ይፈራል፤ እጁ ባዶ ነው። ቤት እንደገቡ አልጋነሽ ጣሳውን ወስዳ የዶሮዎቹ መኖ ላይ ገለበጠችው። ስለ ውሸቱ አንድ ቃል አልወጣትም። ብቻ አጠገቡ ተቀምጣ፣

«አንተ ስትፈራ እጅህ ዝም ማለት አይችልም። ከእንግዲህ ስትፈራ ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። እኔ ዶሮ ቤት እያለሁ አንቺን ያገኙሻል ብዬ እፈራለሁ አላት። እሷም ለካ ትፈራ ኖሯል፤ እሱ እንዳይጨነቅ ብላ ነው ዝም ያለችው። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ዶሮ ቤት ሲሄድ እሷም ሥራዋን ይዛ እዚያው ትቀመጥ ጀመር። ይህን ለማድረግ ትልቅ ውሻ ያስፈልግ ነበር? አያስፈልግም ነበር።

ድረስስ? አንድ ወር ሄደ፤ ለውጥ የለም። አጥናፉ ጠዋት ጠዋት ከበሩ ሳይወጣ ጆሮውን ያቆማል፤ ያንን ቀጭን ድምፅ ይፈራዋል። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ድምፁ አልተሰማም። ሞቷል ብሎ አሰበ። ሲወጣ ድረስ በአራት እግሩ ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ቀኝ እግሩ ከጊዜ በኋላ ተቃና። ግራው አልተቃናም። ዛሬም ትልቅ ውሻ ሆኖ፣ ወገብ ደርሶ፣ ግራ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ ነው የሚሄደው። አጥናፉም ያንን አካሄድ በየቀኑ ያየዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አትቀየሙኝ።

አንቺ እናት፣ ልጅሽ ከጎረቤት ልጅ አንድ ደረጃ ወረደ ብለሽ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሌላ አስጠኚ፣ ቅዳሜ ሌላ አስጠኚ፣ እሑድ ሌላ የምትጨምሪበት፤ ልጁ አንሶት ነው? ወይስ አንቺ ፈርተሽ ነው?

አንተ ወንድሜ፣ ወንድምህ በሞተ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጁን አቅፈህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ እንዳታለቅስ ያልከው፤ ያ ልጅ ዛሬ እንዴት ነው የሚራመደው? ሄደህ አይተኸዋል?

እኛስ ሽማግሌዎቹ? ትናንት ንስሐ ገብታ የመጣችን ልጅ፣ ጸሎቷ ገና ሳይጠና፣ የራሳችንን የሠላሳ ዓመት ልማድ በማንኪያ አልጫንባትም? ስትጎብጥ ደግሞ እምነቷ የሳሳ ነው አላልንም?

ለተራበ አትስጡ አላልኩም። ለተራበ ስጡ! እኔ የምለው፣ እጃችሁ ሊጨምር ሲነሣ አንድ አፍታ ያዙትና፣ ይህ ልጅ ርቦት ነው ወይስ እኔ ፈርቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ፈርታችሁ ከሆነ ፍርሃታችሁን ለሚሸከም ንገሩ። ለባላችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ከሁሉ በፊት ለእግዚአብሔር። እሱ አይጎብጥም። ሕፃን ግን ይጎብጣል፤ ጎብጦም እጃችሁን ይልሳል።

ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት አልከፋም። ይህችን ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ፤ ሕፃን በቃኝ ማለት አያውቅም። በቃው የምትሉለት እናንተ ናችሁ።